ከደኑ የሚጀምር ሕንጻ፦ የጥሞና ቦታን ከመልክዐ ምድሩ ጋር ስለ ማስማማት

ለጸሎትና ለጥሞና የሚታነጽ ሕንጻ ከተፈጥሮ አካባቢው ጋር ሊስማማ ይገባል የሚለውን ሐሳብ በሥነ ሕንጻ ትምህርት ውስጥ የሚቃወም ሰው አይገኝም። ልዩነቱ የሚጀምረው «መስማማት ማለት ምን ማለት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው። በብዙ የንድፍ ሥራዎች ጉዳዩ የመልክ ጉዳይ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ግድግዳው በአካባቢው ድንጋይ ይለበጣል፣ ጣሪያው የተራራውን መስመር ይከተላል፣ ቀለሙም ወደ አፈር ያደላል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ከዚህ የተለየ ነው። የጥሞና ሕንጻ ከመልክዐ ምድሩ ጋር የሚዋሐደው እርሱን በመምሰሉ ሳይሆን፣ የመጀመሪያ ክፍሉ አድርጎ ሲገለገልበት ነው።

በላስታ በተፈጥሮ ዋሻ ውስጥ የተሠራው የይምርሃነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ቅርብ ምሳሌ ነው። ግድግዳው የእንጨትና የነጭ ልስን ረድፎች እየተፈራረቁ የተደረደሩበት በመሆኑ፣ ከጥቁሩ አለት ጋር ፈጽሞ አይመሳሰልም። ሆኖም ሕንጻውን ከዋሻው ለይቶ ማሰብ አይቻልም። ዋሻው ዝናሙን ይከለክላል፣ ብርሃኑን ያለዝባል፣ ወደ ውስጥ የሚገባውንም ሰው ዝም ያሰኛል። ዝምድናው የመልክ ሳይሆን የአገልግሎት ነው።

ይኸው ሥርዓት በሰፊው የሚታየው በደቡብ ጎንደርና በአካባቢው ባሉት የቤተ ክርስቲያን ደኖች ነው። ክቡ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ ከውጭ ወደ ውስጥ እንደሚከፈል የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ቅደም ተከተሉ የሚጀምረው ከቅኔ ማኅሌቱ በር አይደለም። ከታረሰው ገላጣ ሜዳ ወደ ጥዱ፣ ወደ ወይራውና ወደ ዝግባው ጥላ፣ ከዚያም ወደ ዐጸዱ የሚያደርሰው መንገድ የዚያው ሥርዓት የመጀመሪያው ክበብ ነው። ከምእመናኑም ብዙዎቹ የሚጸልዩት በዐጸዱ ውስጥ ከዛፍ ሥር ቆመው እንደ መሆኑ፣ ደኑ የሕንጻው ጌጥ ሳይሆን በየዕለቱ አገልግሎት የሚሰጥ አካሉ ነው።

የብርሃኑ ጉዳይ ይህን በግልጽ ያሳያል። የዐይን ብሌን በሰከንዶች ውስጥ ቢሰፋም፣ ዐይን ጨለማን በሚገባ ለመላመድ ከ20 ደቂቃ በላይ ያስፈልገዋል። በደጋው የቀትር ፀሐይ የመጣ ሰው በቀጥታ ወደ ደብዛዛ ቤት ቢገባ፣ በግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል ለይቶ ማየት ይሳነዋል። የደኑ ጥላ ግን ይህን መላመድ ከበሩ በፊት ያስጀምረዋል። ስለዚህ ጥቂትና ጠባብ መስኮቶች ያሉት ቤት ብርሃን የሚበቃው ከውጭ ዛፍ ስላለው ጭምር ነው። ዛፉ እስከ ደጃፉ ሲመነጠር ያው ቤት ይጨልማል፤ ከዚያም መስኮት ይሰፋል፣ ብርቱ መብራት ይሰቀላል። ደን የማንሣት ውሳኔ፣ ማንም ሳያስበው፣ የሕንጻውን የውስጥ ብርሃን የመለወጥ ውሳኔ ሆኖ ይገኛል።

የሚጠፋው ነገር በቀላሉ የሚተካ አይደለም። ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቹ በደቡብ ጎንደር በ28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት 168 የእንጨት ዕፀዋት ዝርያዎችን መዝግበዋል፤ የደኖቹም ስፋት ከ1.6 እስከ 100 ሄክታር ነበር። እንዲህ ባለ ትንሽ ደን ውስጥ ጠርዙ ከመካከሉ ጋር ሲነጻጸር ብዙ ነው፤ ፀሐይ፣ ነፋስና ከብት የሚገቡትም በጠርዙ በኩል ነው። ለሰፊ ሕንጻ ተብሎ መካከሉ ሲገለጥ ደኑ ሁለተኛ ጠርዝ ከውስጥ ይከፈትበታል። በደኑ ዙሪያ የሚሠራው የድንጋይ ካብ ከብቱን ከውጭ ቢያግድም፣ ከውስጥ የሚመጣውን መራቆት ሊያቆም አይችልም።

በዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የምእመናኑ ቁጥር ይጨምራል፤ የሣር ክዳን በየጊዜው መታደስ ይፈልጋል፣ ለእሳትም የተጋለጠ ነው፤ ለፈጣሪ ጽኑና ሰፊ ቤት ማነጽም የማኅበረሰቡ ክብር ነው። ከሩቅ ሆኖ «ጭቃውና ሣሩ ይቆይላችሁ» ማለት ፍትሕ አይሆንም። ነገር ግን ክርክሩ በኮንክሪትና በቆርቆሮ ላይ አይደለም። ነባሩ ሥርዓት ሕዝቡን ሁሉ ከጣሪያ በታች ለማስገባት ታስቦ የተሠራ አልነበረም፤ ዐጸዱን እንደ አዳራሽ ቈጥሮ የተሠራ ነው። ሕንጻውን በእጥፍ ለማስፋት ዐጸዱን የሚበላ ንድፍ በአንድ እጁ የሰጠውን ቦታ በሌላው ይወስዳል። ለክረምቱ ዝናም በነባሩ መሠረት ዙሪያ ሰፊ የጣሪያ ክፈፍ ማውጣት ብዙ ጊዜ ያነሰ ጉዳት ያለው መፍትሔ ነው።

ጥያቄው ስለ አሠራሩም ጭምር እንደ ሆነ በአሜሪካ፣ በአርካንሳስ ግዛት የሚገኘው የቶርንክራውን ጸሎት ቤት ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1980 የተጠናቀቀውን ይህን ሕንጻ የነደፈው ፌይ ጆንስ፣ የሕንጻው እንጨቶች ሁለት ሰዎች ተሸክመው በዛፎቹ መካከል ሊያልፉ ከሚችሉት መጠን እንዳይበልጡ ወሰነ። የቤቱ ቅጥነት የመጣው ከዚህ ውሳኔ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ወደ ደኑ የሚያስገባው ጠባብ መንገድ የሕንጻውን ቅርጽ ወሰነ። በብዙ የግንባታ ቦታዎች የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ አስቀድሞ ቅርጹ ይወሰናል፣ ከዚያም ለመኪናውና ለአሸዋ ክምሩ ሲባል ደኑ መንገድ ይለቃል።

ከዚህ በመነሣት፣ በእንዲህ ያለ ቦታ ላይ የሚቀርብ ማንኛውም ንድፍ፣ የመመረቂያ ሥራም ቢሆን፣ ሦስት ነገሮችን ማሟላት ይኖርበታል። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ነባር ዛፍ በዝርያውና በጥላው ስፋት የተመዘገበበት ካርታ ከመጀመሪያው ንድፍ በፊት ይዘጋጅ። ሁለተኛ፣ ቁሳቁስ የሚገባበት መንገድና የሚከማችበት ስፍራ ከወለል ፕላኑ እኩል ተነድፎ ይቅረብ። ሦስተኛ፣ ጎብኚው ከውጨኛው አጥር እስከ ውስጠኛው ክፍል ሲጓዝ ብርሃኑና ድምፁ እንዴት እንደሚለወጥ በተከታታይ የቁም ቁራጭ ሥዕል ይታይ። ይህን ሥዕል ያላካተተ ሥራ ግድግዳው በምንም ዓይነት ድንጋይ ቢለበጥ ከመልክዐ ምድሩ ጋር ተስማምቷል ሊባል አይገባውም፤ ገምጋሚዎችም ስለ ግድግዳው ቀለም ከመጠየቃቸው በፊት፣ የስንት ዛፍ ጥላ እንደሚቀር ሊጠይቁ ይገባል።