ከመኪና አደጋ በኋላ የሚፈረም ወረቀት

ከአዲስ አበባ የሚወጡት የጅማ፣ የአምቦና የጎጃም መንገዶች በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ በኩል ያልፋሉ። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ቢጠቃለሉም፣ በዙሪያቸው ያለው ገበሬ ዛሬም ከብቱን በዚሁ አስፋልት ያሻግራል፣ ወተቱንና ድርቆሹን በዚሁ መንገድ ለገበያ ያወጣል። ስለሆነም መኪና ሰው ወይም ከብት በገጨ ቁጥር አስቀድሞ ከሚጠሩት አንዱ የገበሬ ማኅበሩ መሪ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው የታወቀ ነው። ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፤ የመኪናው ወገን ጥቂት ገንዘብ ያወጣል፤ «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ይጻፍና ተጎጂው ይፈርማል። ከወራት በኋላ የተሰበረው እግር አልጠገን ሲል ያው ወረቀት ማስረጃ ሆኖ ይቀርብበታል። ሽምግልናም ሆነ ጉማ ቂምን በማብረድ ረገድ ያለው ዋጋ ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን የጉዳቱ መጠን ሳይታወቅ የካሣን በር የሚዘጋ ስምምነት ተጎጂውን ይበድላል፤ የመሪው ስም በምስክርነት ከሰፈረበትም በደሉ የእርሱም ጭምር ነው።

ሕጉ በዚህ ረገድ ለተጎጂው የሚያደላ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 እንደሚደነግገው፣ መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው። መኪናው ተሰርቆ እንደነበር ካላስረዳ በቀር፣ ሳይፈቀድለት የነዳው ሰው ባደረሰው ጉዳት እንኳ ይጠየቃል። «ጥፋት የለብኝም» ወይም «ላስቀረው አልችልም ነበር» ማለትም አያድነውም፤ ከኃላፊነት በሙሉም ሆነ በከፊል የሚያወጣው የተጎጂው የራሱ ጥፋት ነው። በመሆኑም ከአሽከርካሪው ስም ይልቅ በሊብሬው ላይ ያለውን የባለቤት ስም መያዝ ይበልጣል።

የመድን ድርጅቱ ድርሻ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነው። የሦስተኛ ወገን መድንን በ2000 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 559 ግዴታ ያደረገው ሲሆን፣ በ2005 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 799 ተተክቷል። ይኸው የ2005ቱ አዋጅ ሲወጣ ለሞት ከ5,000 እስከ 40,000 ብር፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት እስከ 100,000 ብር፣ ለአስቸኳይ ሕክምና ደግሞ እስከ 2,000 ብር ወስኖ ነበር። የገንዘቡ ልክ በየጊዜው የሚሻሻል በመሆኑ አደጋው በደረሰበት ቀን የሚሠራበትን መጠን ከመድን ድርጅቱ መጠየቅ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ይህ ጣሪያ የመድን ድርጅቱ ግዴታ ጣሪያ እንጂ የተጎጂው መብት ጣሪያ አይደለም። ለምሳሌ የአካል ጉዳቱ ካሣ 150,000 ብር ነው ተብሎ ቢፈረድና የመድኑ ጣሪያ 40,000 ብር ቢሆን፣ ቀሪው 110,000 ብር በመኪናው ባለቤት ላይ ይቀራል። «ኢንሹራንሱ ከፍሏል፣ ነገሩ አልቋል» የሚል ባለመኪና ካጋጠመ መልሱ ይኸው ነው። ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው መኪና ቢሆንም ተስፋ አይቆረጥም፤ በእንዲህ ያለ መኪና ለደረሰ ሞትና የአካል ጉዳት የሚክስ የመድን ፈንድ በአዋጁ ተቋቁሟል።

ጊዜም ይቆጠራል። የካሣ ክስ በመሠረቱ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ነገሩ በወንጀል የሚያስጠይቅ ሲሆን ጊዜው ሊረዝም ቢችልም በዚያ ተማምኖ መዘግየት አይበጅም።

ኃላፊነቱ ወደ ገበሬው የሚዞርበትም ጊዜ አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ አምልጦት እንኳ ቢሆን፣ ተጠያቂ ነው ይላል። ማታ አስፋልት ላይ የተለቀቀ በሬ ሚኒባስ ቢያስገለብጥ ባለበሬው ካሣ ጠያቂ ብቻ ሆኖ አይቆምም። የኅብረት ሥራ ማኅበር አይሱዙ ካለውም ባለቤቱ ማኅበሩ ስለሆነ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንደሚያድር ኮሚቴው ሊያውቅ ይገባል። የሦስተኛ ወገን መድን የማኅበሩን የራሱን መኪና እንደማያስጠግን ደግሞ ለአባላት አስቀድሞ መነገር አለበት።

አደጋ ሲደርስ ከሁሉ በፊት ቁስለኛው ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ ፖሊስም ይጠራ። ፖሊስ እስኪደርስ መኪናው ከቦታው እንዳይነሳ ማድረግ፣ የታርጋውን ቁጥር፣ የባለቤቱን ስም፣ የመድን ድርጅቱንና የውሉን ቁጥር፣ የምስክሮችንም አድራሻ መመዝገብ ያስፈልጋል። የፖሊስ ሪፖርትና የሐኪም ማስረጃ ከሌለ መድን ድርጅት ዘንድ መሄድ ድካም ነው። የመኪናው ወገን ለሕክምና ገንዘብ ከሰጠ መቀበል ነውር የለውም፤ ነገር ግን በወረቀቱ ላይ «ይህ ገንዘብ ለሕክምና የተሰጠ ነው፤ የካሣ ጥያቄን አያስቀርም» ተብሎ ይጻፍበት።