ደግሞ መዝፈን
የቀደመን ዘፈን ደግሞ የሚጫወት ድምፃዊ «የፈጠራ ድርቀት መታው» ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ካናዳዊቷ ኬ. ዲ. ላንግ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው «የ49ኛው ኬክሮስ መዝሙሮች» አልበም የሀገሯን የዘፈን ደራስያን፣ የሊዮናርድ ኮኸንን፣ የጆኒ ሚቸልን፣ የኒል ያንግንና የሌሎችንም ሥራዎች አዚማለች። ኬክሮሱ ካናዳንና አሜሪካን ለረጅም ርቀት የሚያዋስነው መስመር ነው፤ ርዕሱ ራሱ ሀገር ይጠራል።

ኮኸን ከዘፋኝነቱ በፊት ባለቅኔ ነበር። ላንግም «ሃሌሉያ»ን ስታዜም ያን ኃያል ድምጿን ለግጥሙ ታስገዛለች፤ ቃሉን ሳታጣድፍ፣ ትርጉሙ እስኪሰማ ትታገሣለች። ዘፋኙ ሲወደስ ገጣሚው በሚረሳበት ዓለም ይህ ውለታ መመለስ እንጂ ድርቀት አይደለም። ግጥም ወዳዶች አልበሙን እንዲያደምጡት የምመክረውም ስለዚሁ ነው።