የእኛስ ደረጃ የት ነው?



ዛሬ ከመካከላችን አንዷ በዱባይ በምትሠራበት ቤት ያጋጠማትን እናስቀድም። አባወራው በአንድ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ተቀጣሪ ነው። አንድ ቀን ማታ ቤቱ በእንግዳ ተሞላ፤ ኬክም ተቆረሰ። እህታችን ሻይ እያቀረበች ደስታው ምን እንደሆነ ማዳሟን ጠየቀቻት። «ከደረጃ 5 ወደ ደረጃ 6 አደገ» አለቻት። በዚያው ወር የእህታችን የሁለት ዓመት ኮንትራት ለአራተኛ ጊዜ ታደሰ። ደመወዙ ግን ያኔ ስትመጣ የተጻፈው ያው ነው። ሁለት ልጆች አሳድጋለች፤ የቤቱን ምግብ ሁሉ ትሠራለች፤ ዓረብኛውንም ለምዳለች። በወረቀቱ ላይ ግን ትናንት ከአውሮፕላን የወረደች ትመስላለች።

ይህን ያነሣነው በሰው እድገት ለመቅናት አይደለም። እነዚያ ሰዎች እንዴት እንደሚያድጉ ማወቁ ለእኛም ይጠቅማል ብለን ነው።

በዱባይ ኢንተርኔት ሲቲ ቢሮ ካላቸው ትልልቅ ኩባንያዎች አንዱን፣ ጎግልን እንመልከት። መሐንዲሶቹ እያንዳንዳቸው በቁጥር የሚታወቅ ደረጃ አላቸው። ጀማሪው ብዙውን ጊዜ ከደረጃ 3 ይነሣል፤ ጄፍ ዲንና ሳንጄይ ጌማዋት የተባሉት አንጋፋ መሐንዲሶች ደግሞ 11ኛ ደረጃ ደርሰዋል። ለብዙ ዓመታት በነበረው አሠራር፣ እድገት ይገባኛል የሚል መሐንዲስ ራሱን ያቀርባል። የሠራውን በጽሑፍ ይዘረዝራል፤ የሥራ ባልደረቦቹ ይመሰክሩለታል፤ ከዚያም ከእሱ ከፍ ያሉ ባለሙያዎች ኮሚቴ ይወስናል። ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች አሉ። መሰላሉ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ሥራው ተጽፏል፤ ምስክርም አለ።

እርግጥ ደረጃ ዋስትና አይደለም። ጎግል እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ወደ 12,000 ሠራተኞች እንደሚቀንስ ሲያስታውቅ ብዙ ዓመት ያገለገሉትም ተሰናብተዋል። ነገር ግን የተሰናበተው ሰው የነበረበትን ደረጃ ለሚቀጥለው ቀጣሪ ማሳየት ይችላል። እኛ ግን ቤት በቀየርን ቁጥር ከዜሮ እንጀምራለን። ስምንት ዓመት የሠራንበት ቤት በር ሲዘጋ ስምንቱ ዓመትም አብሮ ይዘጋል።

የዚህ አገር ሕግ ስለ እኛ ዝም አላለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን፣ በዓመት 30 ቀን ፈቃድ ከነክፍያው እንዲሰጠን፣ ፓስፖርታችንም በእጃችን እንዲሆን ያዛል። የሥራ ዓይነቶችንም በ19 ከፍሎ ይዘረዝራል፤ የቤት ሠራተኛ፣ ሞግዚት፣ ምግብ አብሳይ፣ የቤት ነርስ፣ ሾፌር፣ አትክልተኛና ሌሎችም። ሆኖም እነዚህ ጎን ለጎን የተደረደሩ ዓይነቶች እንጂ የሚወጡበት መሰላል አይደሉም። በአንዱ ዓይነት ውስጥ አንድ ዓመት የሠራችውንና አሥር ዓመት የሠራችውን የሚለይ ደረጃ የለም።

በአገራችንም የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና በደረጃ የተከፋፈለ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ለሥራ የምትወጣ ሴት የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲኖራት ጠይቋል። ያ ወረቀት ግን ከመምጣታችን በፊት የምናውቀውን የሚመዝን ነው። እዚህ በሥራ ላይ ያካበትነውንስ ማን ይመዝነዋል? መንግሥታችን ይህን ቢያስብበት እንላለን።

ሊሆን የማይችል ነገር አልጠየቅንም። የፊሊፒንስ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ለቤት ሠራተኞቹ ዝቅተኛውን ደመወዝ ከ200 ወደ 400 ዶላር ሲያሳድግ፣ ሠራተኞቹም ሠልጥነው የሙያ ምስክር ወረቀት እንዲይዙ አዘዘ። ሙያው ተጽፎ ሲታወቅ ዋጋም እንዲወጣለት ጠየቁ ማለት ነው።

እስከዚያው ከራሳችን እንጀምር። በዱባይም፣ በሻርጃም፣ በአጅማንም ያላችሁ እህቶች፣ አንድ ትንሽ ደብተር ይኑራችሁ። ሥራ የጀመራችሁበትን ቀን፣ ልጆቹን በስንት ዓመታቸው እንደተቀበላችኋቸው፣ የምትሠሩትን የምግብ ዓይነት፣ ያስታመማችሁትን አረጋዊ፣ ደመወዛችሁንም ጻፉ። ኮንትራታችሁን በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ። ሥራችሁ በእርግጥ ሞግዚትነት ወይም ምግብ ማብሰል ከሆነ፣ ሲታደስ እንደዚያው እንዲጻፍ ጠይቁ። የደመወዝ ጭማሪ የምትጠይቁት ኮንትራቱ ከማለቁ ሁለት ወር ቀደም ብላችሁ፣ ደብተራችሁን ይዛችሁ፣ በሰላሙ ጊዜ ይሁን። የምስክርነት ደብዳቤም የሚጠየቅ ስትስማሙ ነው፤ ከተጣሉ በኋላ ማን ይጽፋል?

ደመወዟ የተያዘባት ወይም ፓስፖርቷ የተነጠቀባት እህት ግን ስለ እድገት አታስብ፤ የእሷ ጉዳይ ወደ ሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤትና ወደ ቆንስላችን ቶሎ መድረስ አለበት።

ያሳደጉን ወላጆቻችን «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እያሉ ነው። ዝምታው ከብዙ ጠብ አድኖናል፤ ግን ደመወዛችንንም ባለበት አስቀርቶታል። እነዚያው ወላጆቻችን ደግሞ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይሉ ነበር። የዛሬውን ከዚህኛው እንጀምር፤ ደብተርና እስክሪብቶ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።