ዕድሜ የሚጠይቅ ቀበቶ

ኒው ጃፓን ፕሮ ሬስሊንግ የተባለው የጃፓን የትግል ድርጅት በ2003 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከ30 ዓመት በታች ላሉ ታጋዮች ብቻ የሚሆን ቀበቶ አወጣ። ቀበቶው ሦስት ዓመት ቆይቶ በ2006 ቀረ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የታጠቁት ሂሮሺ ታናሃሺና ሺንሱኬ ናካሙራ ብቻ ናቸው። «ውጤቱ አስቀድሞ ለሚወሰን ትግል ምን ታሪክ ያስፈልገዋል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኔ ደግሞ ታሪኩ የሚነበበው በዚሁ ምክንያት ነው እላለሁ። የእግር ኳስ ዋንጫ ማን እንዳሸነፈ ይነግረናል፤ የሬስሊንግ ቀበቶ ግን አለቆቹ በማን እንደሚተማመኑ፣ ማንንስ እንደሚፈሩ ያሳብቃል። ይህኛው ያሳበቀው ወጣቶቹን እየፈለጉ ያላመኗቸውን አለቆች ነው።

መፈለጋቸው ግልጽ ነው። ከድርጅቱ ከዋክብት ሺንያ ሃሺሞቶ ወጥቶ ዜሮ-ዋን የተባለውን ድርጅት መሥርቷል፤ በ2002 ኬይጂ ሙቶ ወደ ተቀናቃኙ ድርጅት ወደ ኦል ጃፓን ተሻግሯል፤ ሪኪ ቾሹም ለቋል። መሥራቹ አንቶኒዮ ኢኖኪ ልቡ ወደ እውነተኛው ፍልሚያ ሸፍቷል። ታዳሚ የሚጠራ አዲስ ፊት የግድ ሆነ። ቤቱ ግን የታላቅና የታናሽ ሥርዓት የጸናበት ነው፤ ጀማሪው ጥቁር ቁምጣና ጥቁር ጫማ ብቻ አድርጎ ይታገላል፣ በማሠልጠኛው ምግብ ያበስላል፣ የታላላቆቹን ልብስ ያጥባል። እንዲህ ባለ ቤት ለወጣቱ የራሱን ቀበቶ መስጠት ክብር ይመስላል፤ በተግባር ግን የልጆች ማዕድ ለብቻ እንደ ማቅረብ ነበር። የታናሃሺ ድል ሁሉ «ከእኩዮቹ መካከል» የሚል ቅጥያ አብሮት ይዞር ነበር።

ቀበቶው ዓመት ሳይሞላው ድርጅቱ ራሱ ሐሳቡን አፈረሰው። ታኅሣሥ 2003 ናካሙራ ሂሮዮሺ ቴንዛንን አሸንፎ ዋናውን የከባድ ሚዛን ቀበቶ ወሰደ። ዕድሜው 23 ነበር፤ መታገል ከጀመረ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። የ23 ዓመት ልጅ ዋናውን መያዝ ከቻለ፣ 30 ዓመት ላልሞላቸው የተለየ ቀበቶ ምን ይሠራል? ይባስ ብሎ ይኸው ናካሙራ ጥር 2005 የወጣቶቹን ቀበቶ ከታናሃሺ ነጠቀ። መጀመሪያ ጣሪያው፣ ቀጥሎ ደረጃው!

ጠንካራው መቃወሚያ የሚነሣውም ከዚሁ ግጥሚያ ነው። ቶኪዮ ዶም ውስጥ የዕለቱ መዝጊያ ነበርና፣ ቀበቶው ሁለቱን ለትልቁ መድረክ አበቃቸው ይባላል። ታናሃሺ እንደ ሻምፒዮን መቆምን የለመደው በእሱ መሆኑን አልክድም። ያን ምሽት መዝጊያ ያደረጋቸው ግን የሁለቱ ፉክክር ነው። ፉክክሩም ቀበቶው ከቀረ በኋላ ለዓመታት ቀጥሏል፤ ሲያምርም ያማረው በዋናው ቀበቶ ላይ ነው። ታናሃሺ መልሶ የታጠቀውን የወጣቶቹን ቀበቶ በ2006 ሲተው 29 ዓመቱ ነበር፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ሳፖሮ ላይ ዋናውን ታጠቀ። ስለዚህ ድርጅቱ ቀበቶውን መተዉ ትክክል ነው፤ ጥፋቱ ናካሙራ ቴንዛንን ባሸነፈበት ምሽት አለመተዉ ነው።