ሳይጠይቁ መግደል

ተረት ለማውራት፥ እንቆቅልሽ ለመጠየቅ ወይም ጨዋታ ለመምራት የተቀመጠ ሰው ሥልጣን አለው። ሥልጣን ካለ ደግሞ አግባብ አለ። ዛሬ ልንሟገታቸው የተነሣነው ይህን አግባብ የዘነጉትን የጨዋታ መሪዎች ነው።

ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን የደረሱት «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተሰኘ የጠረጴዛ ጨዋታ በ1974 እ.ኤ.አ. (በ1966 ዓ.ም.) ታተመ። በዚህ ጨዋታ እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድን ገጸ ባሕርይ ጉልበት፥ ዕውቀትና የሕይወት መጠን በወረቀት ጽፎ፥ ያንኑ ሰው ሆኖ ይናገራል። አንዱ ደግሞ መሪ ሆኖ መንገዱን፥ ዋሻውንና ጠላቱን ይተርካል፤ የሚያጠራጥረውን ነገር የሚወስነው ዳይስ የሚባለው የዕጣ ጠጠር ነው። ከዚያ ወዲህ ይህን የመሰሉ ጨዋታዎች በዝተዋል። ዳሩ ግን ከመሪዎቹ አንዳንዶቹ፥ ወራት የተደከመበትን ገጸ ባሕርይ፥ ባለቤቱ ምልክት ሳያይና ሳይመርጥ፥ «ድንጋይ ወደቀብህ፤ ሞተሃል» ብለው በአንድ ቃል ይገድሉታል። ምክንያቱን ቢጠየቁም መልሳቸው «ዳኛው እኔ ነኝ» የሚል ነው።

እኛ ይህን ዳኝነት አንቀበልም። በሐብሩ ወረዳ በውርጌሳ እሳት ዳር የሚጫወት ሕፃን እንኳ ከዚህ የተሻለ ሕግ ያውቃል። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ሲል ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይፈቅዳል፤ ጥያቄው ይነገራል፤ ተጠያቂው ይሞክራል፤ ያቃተው እንደ ሆነ ብቻ ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይላል። አገር ተቀብሎ እንደ ልቡ ከተኩራራ በኋላም ፍቺውን የመናገር ዕዳ አለበት። ሳይጠይቅ አገር የሚቀበል፥ ተቀብሎም ፍቺውን የሚደብቅ ቢኖር፥ በማግስቱ ማታ አብሮት የሚጫወት አያገኝም።

«ሞት ከሌለ ፍርሃት የለም፤ ፍርሃት ከሌለም ጨዋታው ይቀዘቅዛል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ እኛም ሞት ይቅር አላልንም። በመጀመሪያው እትም የጀማሪ አስማተኛ የሕይወት መጠን ከ1 እስከ 6 ብቻ ስለ ነበረ በአንድ ምት ሊወድቅ ይችል ነበር፤ ነገር ግን ይህ ለሁሉ የተገለጠ ሕግ ነው። ጋይጋክስ በ1975 እ.ኤ.አ. ለውድድር ያቀረበው «ቱም ኦቭ ሆረርስ»፥ ማለት የሰቀቀን መቃብር፥ በገዳይነቱ የታወቀ ነው፤ በአረንጓዴው ሰይጣን አፍ የገባ ሁሉ ወዲያው ይጠፋል። ሆኖም በዚያው መተላለፊያ ወለል ላይ፥ አረንጓዴን መሸሽ እንዲሻል የሚመክር የእንቆቅልሽ ጽሑፍ አለ። እነሆ፥ ከሁሉ የጨከነው እንኳ አስቀድሞ ጠይቋል!

ጉዳዩ የጨዋታ ብቻ ነው ብሎ የሚንቀው አንባቢ ጥቂት ያስብ። ያላስተማረውን ጠይቆ ተማሪውን የሚጥል መምህርና ምክንያቱን ሳይገልጥ ማመልከቻ የሚዘጋ ሹም የዚሁ መሪ ወንድሞች ናቸው። ሰው ሽንፈትን ይችላል፤ ሰው የማይችለው በምን እንደ ተሸነፈ ሳያውቅ መሸነፍን ነው። በጨዋታ ይህን የለመደ፥ በወንበሩም ላይ አይተወውም።

ስለዚህ የጨዋታ መሪ ሆይ፥ አስቀድመህ ምልክት ስጥ፤ ተጫዋቹ እንዲመርጥ ፍቀድ፤ ከሞተም በምን እንደ ሞተ ንገረው። ይህን ብታደርግ ተሸናፊው ራሱ አገሩን ሰጥቶህ ለነገ ማታ ይቀጥርሃል።