ንስሐና ንብረት

ስለ ሰሜን አሜሪካ የሃይማኖት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች የመንፈሳዊ መነቃቃቱን ዘመናት ሲተርኩ ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት የሕዝቡን ብዛት ነው። በ1801 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኬንታኪ ግዛት ኬን ሪጅ በተባለ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ በሠረገላ፣ በፈረስና በእግር ተጉዞ የተሰበሰበው ሕዝብ ከ10,000 እስከ 20,000 እንደሚደርስ ተገምቷል። በዚያን ጊዜ የግዛቲቱ ትልቁ ከተማ ሌክሲንግተን እንኳ 2,000 ነዋሪ ያልሞላበት ስለ ነበረ፣ ሰባክያኑ በጉቶና በሠረገላ ላይ ቆመው ሲያስተምሩ፣ ሰሚዎቹም ሌት ተቀን ሲያለቅሱ፣ ሲንቀጠቀጡና እንደ በድን በምድር ላይ ሲወድቁ ያየ ሁሉ ሁለተኛ በዓለ ጰንጠቆስጤ የመጣ ቢመስለው አያስደንቅም።

እኔ ግን የጉባኤው ብዛትና የእንባው መጠን ስለ መነቃቃቱ እውነተኛነት የሚመሰክሩት እጅግ ጥቂት ነው እላለሁ። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ የንስሐው ማረጋገጫ የሆነው ከዛፉ ፈጥኖ መውረዱ ሳይሆን ስለ ገንዘቡ የተናገረው ቃል እንደ ነበረ ሁሉ፣ በኬንታኪም ሆነ በፔንሲልቫኒያ ስላለቀሰው ሰው ሊጠየቅ የሚገባው፣ ወደ ቤቱ በተመለሰ ጊዜ ከእጁ የለቀቀው ምን ነበር የሚለው ነው። በዚያች አገር ደግሞ ይህ ጥያቄ እጅግ ይከብድ ነበር፤ የባልንጀራው ሥጋ ራሱ በገበያ የሚሸጥ፣ በውርስ የሚተላለፍ፣ በዕዳም የሚያዝ ንብረት ነበርና።

የመጀመሪያው መነቃቃት ታላቅ ሰባኪ እንግሊዛዊው ጆርጅ ዋይትፊልድ ነበር። ከ1739 ጀምሮ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ በሜዳ ሲሰብክ ድምፁ ከሩቅ ይሰማ ስለ ነበረ፣ ለሃይማኖት ብዙም የማይቀርበው ቤንጃሚን ፍራንክሊን በፊላዴልፊያ ጎዳና ወደ ኋላ እያፈገፈገ ርቀቱን መዝኖ ከ30,000 የሚበልጥ ሰው ሊሰማው እንደሚችል አስልቷል። ይኸው ፍራንክሊን በጆርጂያ ለሚሠራው የሙት ልጆች ማሳደጊያ ገንዘብ በሚለመንበት ስብከት ላይ ምንም ላለመስጠት ቆርጦ ገብቶ፣ ስብከቱ እየገፋ ሲሄድ በመጀመሪያ መዳቡን፣ ቀጥሎ ብሩን፣ በመጨረሻም ወርቁን ሁሉ አራግፎ እንደ ሰጠ ራሱ ጽፏል። ነገር ግን ያ የሙት ልጆች ቤት በምን ይተዳደር ነበር? ጆርጂያ በመጀመሪያው ዘመንዋ ባርነት የተከለከለባት ግዛት ሆና ሳለ፣ ዋይትፊልድ ክልከላው እንዲነሣ ከሚወተውቱት አንዱ ነበር፤ ክልከላው ከመነሣቱም በፊት በደቡብ ካሮላይና የእርሻ መሬትና ባሪያዎች ይዞ ትርፉን ለማሳደጊያው አዋለ፤ በ1770 ሲሞትም ባሪያዎቹን ከመሬቱ ጋር በኑዛዜ አስተላለፈ። ይህን የምጽፈው ለሙት ልጆቹ በነበረው ፍቅር ላይ ጥርጥር ኖሮኝ አይደለም፤ ርኅራኄው እውነተኛ ስለ ነበረ ነገሩ ይበልጥ ያሳዝናል።

በአንጻሩ ኩዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች ያለ ዜማና ያለ ጩኸት፣ መንፈስ ያነቃቃው ሰው እስኪናገር ድረስ በዝምታ ተቀምጠው የሚጸልዩ ነበሩ። ከእነርሱ ወገን ጥቂት ሰዎች በ1688 በፊላዴልፊያ አጠገብ በጀርመንታውን ባርነትን የሚቃወም ጽሑፍ ፈርመው ለጉባኤያቸው ቢያቀርቡ፣ ጉባኤው ነገሩ የሚከብድ ነው ብሎ ሳይወስንበት ቀረ። ከዚያ በኋላ ጆን ዉልማን የተባለ ልብስ ሰፊ ተነሣ፤ በወጣትነቱ የአንዲት ባሪያ መሸጫ ውል እንዲጽፍ ታዝዞ መጻፉ ኅሊናውን ዕድሜውን ሁሉ ሲወቅሰው ስለ ኖረ፣ ከባለ ባሪያዎች ቤት ወደ ባለ ባሪያዎች ቤት እየተጓዘ ይመክር ጀመር። በእንግድነት ባደረበትም ቤት ያገለገሉትን ባሪያዎች ድካም በነጻ መብላት ኃጢአት መስሎ ስለ ታየው፣ ሲሰናበት ብር አውጥቶ ወይ ለራሳቸው ይሰጥ፣ ወይ እንዲያድልላቸው ለባለቤቱ ይተው ነበር። ያች ብር በባለቤቱ እጅ ስትወድቅ ምን ያህል እንደምትከብድ አንባቢ ያስበው። ዉልማን በ1772 ሞተ፤ በ1776 የፊላዴልፊያው ዓመታዊ ጉባኤ ባሪያ አልለቅም የሚል አባል ከማኅበር እንዲለይ ወሰነ። ሕዝብ አልወደቀም፣ አልተንቀጠቀጠም፤ ባሪያዎቹ ግን ተለቀቁ።

ሜቶዲስቶች የያዙት መንገድ በመካከል ያለ ነበር፤ ስለዚህም ከሁሉ ይልቅ ያስተምራል። በ1784 በባልቲሞር የገና ጉባኤያቸው ማንኛውም አባል በ12 ወራት ውስጥ ባሪያዎቹን ነጻ የሚያወጣ ሕጋዊ ሰነድ እንዲፈርም ደነገጉ፤ ከባለ ባሪያዎቹ የተነሣው ቁጣ እጅግ ስለ በረታባቸው ግን ግማሽ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ሥርዓቱን አገዱት። ይሁን እንጂ ሰባክያኑ ከጉባኤው በፊትም የዘሩት ቃል በከንቱ አልቀረም። በዴላዌር ስቶክሊ ስተርጂስ በተባለ ገበሬ ቤት ሪቻርድ አለን የሚባል ወጣት ባሪያ ነበር፤ ራሱ አምኖ ከተመለሰ በኋላ ሰባክያኑ በጌታው ቤት እንዲያስተምሩ ለመነ። ከእነርሱም አንዱ፣ ባሪያዎቹን አስቀድሞ የለቀቀው ፍሪቦርን ጋረትሰን፣ በትንቢተ ዳንኤል ስለ ብልጣሶር የተጻፈውን የሚዛን ነገር አንሥቶ ባለ ባሪያዎችን በዚያ ሚዛን ላይ አስቀመጣቸው። ስተርጂስ ልቡ ተነካ፤ ባሪያ ማኖር እንደማይገባው አመነ። ግን ለቀቀውን? አለን ነጻነቱን በ2,000 ዶላር ሠርቶ እንዲገዛ ፈቀደለት እንጂ በነጻ አልሰጠውም። ወጣቱ እንጨት እየፈለጠ፣ ጡብ እየሠራ፣ ጨው በጋሪ እያመላለሰ ዋጋውን ከፈለ። የጌታው ንስሐ እውነተኛ ነበር፤ እስከ ኪሱ ደርሶ ግን በዚያ ቆመ።

አለን ወደ ፊላዴልፊያ ሄዶ በቅዱስ ጊዮርጊስ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ለጥቁሮች ሲሰብክ፣ የሚሰሙት ምእመናን በዙ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ሲሰፋና ሰገነት ሲሠራለትም ገንዘባቸውን አዋጥተው፣ በጉልበታቸውም ደክመው ነበር። አንድ እሑድ ጠዋት ገብተው ተቀመጡ፤ ጸሎት ሆነና ተንበረከኩ። ጸሎቱ ሳይፈጸም ከሹማምንቱ አንዱ ከአለን ጓደኞች አቢሳሎም ጆንስ የሚባለውን ክንዱን ይዞ ከጉልበቱ ጎትቶ ሊያስነሣው ጀመረ፤ ያ ስፍራ ለነጮች ነውና። ጆንስ ጸሎቱ እስኪያልቅ ቢለምነውም አልሰማውም፤ ሌላ ሹም ለእርዳታ ጠራ፤ ያም ሌላውን ተንበርካኪ ሊያስነሣ መጣ። ጸሎቱ ሲፈጸም ጥቁሮቹ ሁሉ በአንድነት ተነሥተው ወጡ። እኔ ስለዚያ ዘመን ካነበብሁት ሁሉ ይህን የሚያህል ነገር አላገኘሁም፤ የጸለዩት ሰዎች ወደ አንድ አምላክ፣ በአንድ ቃል፣ በአንድ ጣራ ሥር ሲሆን፣ ሰውን ከጸሎት መካከል ያስነሣው እጅም ተነቃቅቻለሁ የሚል ክርስቲያን እጅ ነበረ።

በ1793 በፊላዴልፊያ የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ገብቶ ባለጸጎቹ ከከተማ ሲሸሹ፣ በሽተኛውን ያስታመሙና ሙታንን የቀበሩ ከነዚያ ከተገፉት መካከል አለንና ጆንስ ያሰባሰቧቸው ነበሩ። በሚከተለው ዓመት አለን አንድ አሮጌ የብረት ቀጥቃጭ ቤት ገዝቶ በፈረስ አስጎትቶ በራሱ መሬት ላይ አቆመና ቤቴል ብሎ የሰየመው ቤተ ክርስቲያን አደረገው፤ በ1816 የአፍሪካ ሜቶዲስት ኤጲስ ቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ስትመሠረትም የመጀመሪያው ኤጲስ ቆጶስ ሆነ። በኒው ዮርክም በ1808 በባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን በቀለማቸው ምክንያት ተለይተው መቀመጥን ያልወደዱ ጥቁሮች ወጥተው የራሳቸውን ሲያቆሙ አቢሲኒያን ብለው ሰየሟት፤ እስከ ዛሬም በዚሁ ስም ትጠራለች። በመዝሙረ ዳዊት የአገራችን ስም የሚጠራበት ቃል በዚያ ዘመን ለጥቁር አሜሪካውያን ሰባክያን ታላቅ መጽናኛ እንደ ነበረ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ስም በቸልታ ሊያልፈው አይችልም።

ሁለተኛው መነቃቃት ከፍ ያለ ደረጃ የደረሰው በኒው ዮርክ ግዛት ምዕራብ፣ በ1825 የተከፈተው የኢሪ ቦይ በሚያልፍበት አገር ነበር። ቻርልስ ፊኒ፣ ከጠበቃነት ሙያ ወደ ስብከት የዞረው ሰው፣ በ1830 መጨረሻ ወደ ሮቼስተር መጥቶ ስድስት ወር ያህል ሰበከ። ከእርሱ በፊት የነበሩት የካልቪን ተከታዮች እግዚአብሔር የሚድኑትን አስቀድሞ መርጧልና ሰው ጸጋው እስኪመጣለት ይጠብቅ ሲሉ፣ ፊኒ ግን ሰው ነጻ ፈቃድ ስላለው ኃጢአቱን ዛሬውኑ፣ በተቀመጠበት ሰዓት ሊተው ይችላል ብሎ እያስተማረ፣ የሚጨነቁትን በጉባኤው ፊት ወዳለ አግዳሚ ወንበር ይጠራቸው ነበር። የዚህን ትምህርት ኃይል ማሳነስ አይገባም፤ ኃጢአት ዛሬ የሚተው ከሆነ፣ ባርነትም ኃጢአት ከሆነ፣ ቀስ በቀስ ይሻሻላል የሚለው ማመካኛ ሁሉ ይፈርሳልና። የፊኒ ደቀ መዝሙር ቴዎዶር ዌልድ በዓመቱ መለወጫ ዋዜማ ስለ መጠጥ ክፋት በተናገረ ማግስት የሮቼስተር ነጋዴዎች የውስኪ በርሜላቸውን ወደ ጎዳና አንከባልለው እየሰበሩ አፈሰሱት። አንዳንድ ሊቃውንት ይህ ሁሉ ባለ ፋብሪካዎች ሠራተኛቸው ሳይሰክር እንዲውልላቸው ሽተው ነው ይላሉ፤ ጥቅሙን እንዳልጠሉት አምናለሁ፤ ነገር ግን ሸቀጡን በገዛ እጁ ያፈሰሰ ነጋዴ ከማልቀስ አልፎ ሄዷል፤ ከመከራ የተረፉትን የሰካራም ሚስትና ልጆች የሚቈጥርም ይህን ያውቀዋል።

ዌልድ ከመምህሩ አንድ እርምጃ አልፎ ሄደ። በ1834 በሲንሲናቲ በሌን ትምህርተ መለኮት ቤት ተማሪዎቹን አስተባብሮ ስለ ባርነት 18 ሌሊት አከራከራቸው፤ የበላይ ጠባቂዎቹ ነገሩን ሲከለክሉ አብዛኞቹ ተማሪዎች ጥለው ወጡ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ወደ ኦበርሊን ሄዱ፤ ያም ኮሌጅ በ1835 ጥቁሮችን ለመቀበል ወሰነ፣ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ ሴቶችን ከወንዶች ጋር ለዲግሪ ማስተማር ጀመረ። ፊኒ ራሱም በዚያው መምህር ሆነ፤ ቀደም ሲል ለባለ ባሪያዎች ቅዱስ ቁርባን እንደማይሰጥ ቢያውጅም፣ በኒው ዮርክ ጉባኤው ነጭና ጥቁር ተቀላቅለው እንዲቀመጡ አልፈቀደም ነበር። ጆንስን ከጉልበቱ ያስነሣው የመቀመጫ ነገር ለታላቁም ሰባኪ መሰናክል ሆነ።

የደቡብ ካሮላይና ባለ ባሪያ ልጅ የሆነችው አንጀሊና ግሪምኬ የአባትዋን ቤት ትታ ወጥታ ስለ ባርነት በአደባባይ መናገር ስትጀምር፣ የማሳቹሴትስ ቀሳውስት በ1837 ሴት በጉባኤ መናገርዋን የሚነቅፍ መልእክት አስነበቡ። በሚከተለው ዓመት በሜይ ወር ዌልድን ባገባች በሁለተኛው ቀን በፊላዴልፊያ አዲስ በተሠራው የፔንሲልቫኒያ አዳራሽ ቆማ ተናገረች፤ ከውጭ የተሰበሰበው ሕዝብ መስኮቱን በድንጋይ ሲሰብር፣ መስታወቱም በሰሚዎቹ መካከል ሲረግፍ ከአንድ ሰዓት በላይ ሳታቋርጥ ቀጠለች። በማግስቱ ሌሊት አዳራሹን አቃጠሉት፤ እሳት አጥፊዎቹ በዙሪያው ያሉትን ቤቶች ብቻ አዳኑ። ከዐሥር ዓመት በኋላ ስለ ሴቶች መብት በሴኔካ ፎልስ የተደረገው ጉባኤ የተሰበሰበበት ቤትም በባርነት ምክንያት ከእናት ቤተ ክርስቲያናቸው የተለዩት የዌስሊያን ሜቶዲስቶች ጸሎት ቤት ነበር።

ስለ መነቃቃቱ ያለ መጠን የሚያመሰግኑ ሰዎች ግን አንድ ነገር እንዲያስታውሱ እለምናለሁ። በ1790 በአሜሪካ 700,000 ያህል ባሪያ ነበር፤ በ1860 ወደ 4,000,000 ተጠጋ፤ ይህ 70 ዓመት ደግሞ አብያተ ክርስቲያናት ከመቼውም ይልቅ የሞሉበት ዘመን ነው። በ1844 ሜቶዲስቶች ባለ ባሪያ የሆነው ኤጲስ ቆጶስ ጄምስ አንድሩ ከሥራው ይታገድ በሚል ሙግት ለሁለት ተከፈሉ፤ በሚከተለው ዓመት ባፕቲስቶች ተከተሉ። በደቡብም በሰሜንም አንድ መዝሙር ይዘመር፣ አንድ ዓይነት እንባ ይፈስ ነበር፤ የተለያዩት በንብረቱ ላይ ነው።

በንብረቱ ነገር ኦበርሊን የትኛውን ወገን እንደ መረጠች በ1858 መስከረም ታየ፤ ከኬንታኪ የኮበለለውን ጆን ፕራይስን ባሪያ ፈላጊዎች ከኦበርሊን አጠገብ ይዘው ወደ ዌሊንግተን ሲወስዱት፣ የኦበርሊን ተማሪዎች፣ መምህራንና የከተማው ሰዎች፣ ነጭም ጥቁርም፣ ተከትለው ደርሰው ከሆቴል ሰገነት አስለቀቁት፤ በአንድ የኮሌጁ መምህር ቤት ሸሽገውም ወደ ካናዳ አሻገሩት። የፌዴራሉ መንግሥት 37 ሰዎች ከሰሰ። ከተፈረደባቸው ሁለቱ አንዱ፣ በኦበርሊን ከመጀመሪያዎቹ ጥቁር ተማሪዎች መካከል የነበረው ቻርልስ ላንግስተን፣ በክሊቭላንድ ችሎት ቆሞ በጥቁር ላይ በነጮች ብቻ የሚፈረድበት ሕግ ፍትሕ ሊሆን እንደማይችልና ያደረገውን ደግሞ እንደሚያደርገው ለዳኛው ተናገረ። ዳኛው ጓደኛውን ሲሚዮን ቡሽኔልን 60 ቀን እስራትና 600 ዶላር የቀጡት ሲሆን፣ ላንግስተንን ከሰሙ በኋላ በ20 ቀንና በ100 ዶላር ወሰኑት፤ የቀሩትም ክሳቸው ተነሥቶ በ1859 ጁላይ ወደ ኦበርሊን ተመለሱ።