«ወቅታዊ ነው» የሚለው ቃል እስከ መቼ ይታመናል?

በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ለአዲስ ተማሪ አስቀድመን ከምናስተምራቸው ነገሮች አንዱ ንባብን ከነሰዓቱ መመዝገብ ነው። ቴርሞሜትሩ 24 ዲግሪ ሴልሲየስ ያሳያል ብሎ ጽፎ መቼ እንዳነበበው ያልጻፈ ተማሪ፣ ቁጥሩ ትክክል ቢሆንም እንኳ ስለ ክፍሉ የአሁን ሙቀት የሚነግረን ነገር የለም። ይህ ልማድ በቤተ ሙከራ ውስጥ ሥር የሰደደ ሲሆን፣ ተማሪዎቻችን ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጡ ግን ሲዘነጉት እንመለከታለን። የዚህ ጽሑፍ መነሻም ይኸው ዝንጋታ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ተማሪዎች ለመመረቂያ ጥናታቸው የድርብ ፔንዱለምን እንቅስቃሴ የሚያሰላ ፕሮግራም በጋራ ይጽፉ ነበር። ሥራቸውን የሚያቀናጁት ጊት በተባለው የሥሪት መቆጣጠሪያ ነው። አንደኛዋ በግቢ ውስጥ፣ ሁለተኛው ኔትወርክ በማይዘልቅበት በወላጆቹ ቤት ሆነው ሦስት ሳምንት ሠሩ። ተማሪው ወደ ግቢ ተመልሶ ጊትን ስለ ሥራው ሁኔታ ሲጠይቀው፣ ቅርንጫፉ ከ«ኦሪጂን/ሜይን» ጋር ወቅታዊ እንደሆነ ነገረው። እርሱም ጓደኛው ምንም እንዳልሠራች ቆጥሮ የራሱን ለውጥ መዘገበና ወደ ጋራው ማኅደር ላከ። ማኅደሩ አልቀበልም አለው። ተማሪው ግን «ወቅታዊ ነው» የሚለውን መልስ ይዞ ስለነበር እምቢታውን እንደ ብልሽት ቆጥሮ በኃይል ላከው። የጓደኛው የሦስት ሳምንት ሥራ ከጋራው ማኅደር ታሪክ ተሰረዘ። ደግነቱ ሙሉው ቅጂ በእርሷ ኮምፒውተር ላይ ስለነበር ሥራው ተመልሷል፤ በሁለቱ መካከል የነበረው መተማመን ግን እንደ ፋይሉ በቀላሉ አልተመለሰም።

ለመሆኑ ጥፋቱ የማን ነው? ተማሪው «ጊት ዋሸኝ» አለ። ጊት ግን አልዋሸም። የተጠየቀውን በትክክል መልሷል፤ የተሳሳተው መልሱ ስለ የትኛው ሰዓት እንደሚናገር ያልጠየቀው ተማሪ ነው። ከዚያም በላይ ትእዛዛቱን በቃል አስጠንተን ትርጉማቸውን ሳናስረዳ ያለፍን እኛ መምህራን የጥፋቱ ተካፋዮች ነን።

ብዙ ተማሪዎች ሁለት ቅርንጫፎች ብቻ ያሉ ይመስላቸዋል፦ የእነርሱና በሩቅ ያለው። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው በሩቁ ማኅደር ላይ የሚገኘው «ሜይን» ነው። ሁለተኛው በገዛ ኮምፒውተራችን ላይ የምንሠራበት «ሜይን» ነው። ሦስተኛው «ኦሪጂን/ሜይን» የሚባለው የክትትል ቅርንጫፍ ነው። ስሙ የሩቁን ቢመስልም የሚቀመጠው በእኛው ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ የሩቁ ቅርንጫፍ ለመጨረሻ ጊዜ በተገናኘንበት ሰዓት የት እንደነበረ የሚያስታውስ ምልክት ነው። ምልክቱ የሚንቀሳቀሰው ከሩቁ ማኅደር ጋር ስንነጋገር ብቻ ነው፤ ይኸውም «ፌች» ብለን ዜናውን ስናስመጣ፣ ወይም የራሳችንን ሥራ በተሳካ ሁኔታ ስንልክ ነው። «ስታተስ» ብለን ሁኔታውን ስንጠይቅ ጊት ወደ ኔትወርክ አይወጣም። የእኛን ቅርንጫፍ ከዚህ ምልክት ጋር አነጻጽሮ ይመልሳል እንጂ።

ፀሐይን ስናይ የምናየው ከ8 ደቂቃ ገደማ በፊት የነበረችውን ፀሐይ ነው። «ኦሪጂን/ሜይን»ም እንዲሁ ያለፈ ጊዜ ምስል ነው። ልዩነቱ የፀሐይ ብርሃን ሳንጠይቀው የሚመጣ መሆኑ ነው። የሩቁ ማኅደር ዜና ግን ካልጠየቅነው ሦስት ሳምንትም ሦስት ዓመትም አይመጣም።

ይህ አሠራር በቸልተኝነት የተፈጠረ ጉድለት አይደለም። ሊነስ ቶርቫልድስ ጊትን መጻፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 2005 ነው። ምክንያቱም የሊኑክስ ከርነል ጸሐፊዎች በነጻ ይጠቀሙበት የነበረው ቢትኪፐር የተባለው ሥርዓት ለእነርሱ በነጻ መቅረቱ ስላበቃ ነበር። በዓለም ዙሪያ የተበተኑት እነዚያ ጸሐፊዎች እያንዳንዳቸው ሙሉ ታሪኩን በኮምፒውተራቸው ይዘው፣ የማንንም ማዕከል ፈቃድ ሳይጠብቁ መሥራት ነበረባቸው። ኔትወርክ አንድ ቀን ኖሮ አንድ ቀን ለሚጠፋበት ተማሪም ከዚህ የተሻለ አሠራር የለም። ሌላው ቀርቶ የሩቁ ማኅደር በፍላሽ ዲስክ ላይ ሊቀመጥ ይችላል፤ ሁለት ተማሪዎች ፍላሹን እየተቀባበሉ ያለ ምንም ኢንተርኔት በሥርዓት አብረው ሊሠሩ ይችላሉ። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ ሁለት»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» እየተባሉ ፋይሎች ከሚባዙበት ልማድ ይህ እጅግ ይሻላል።

በመሆኑም የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። የሥሪት መቆጣጠሪያ በሳይንስ ፋኩልቲዎች የቤተ ሙከራ ትምህርት ውስጥ ይግባ፤ ሲሰጥም ከ«ፑል» በፊት «ፌች» ይማር። «ፑል» ሁለት ሥራዎችን በአንድ ትእዛዝ ያከናውናል፤ ዜናውን ያስመጣል፣ ወዲያውም ከእኛ ሥራ ጋር ያዋሕደዋል። «ፌች» ግን ምልክቱን አድሶ ያቆማል፤ የእኛን ቅርንጫፍ አይነካም። በመካከሉ ተማሪው የመጣውን የሚያይበት፣ የሚያመዛዝንበት ጊዜ ያገኛል። መጀመሪያ መለካት፣ ቀጥሎ መተርጎም፣ ከዚያ መወሰን የሳይንስ ሥርዓት ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሲነሡ እንሰማለን። አንደኛው «ጀማሪን በብዙ ትእዛዝ አታስጨንቁት፤ አንዱ ይበቃዋል» የሚል ነው። አሳቢነቱን እናከብራለን። ነገር ግን ተማሪው በአንድ ትእዛዝ ያተረፈውን አንድ ደቂቃ፣ ያላያቸው ለውጦች ከእርሱ ጋር ሲጋጩ በአንድ ሌሊት ይከፍለዋል። ሁለተኛው «የዛሬ የመጻፊያ ፕሮግራሞች ራሳቸው በየጊዜው ዜናውን ሊያስመጡ ይችላሉ» የሚል ነው። ይህም የራሱ አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው በ1.8.5ኛው የጊት ሥሪት ላይ «ፎርስ ዊዝ ሊዝ» የተባለ የጥንቃቄ አላላክ ተጨምሯል። ይህ አላላክ የሩቁ ቅርንጫፍ የእኛ ምልክት ከሚያስታውሰው ቦታ ተንቀሳቅሶ ካገኘው ሥራችንን በላዩ ላይ አይጭንም። ጥበቃው የቆመው ምልክቱ እኛ የምናውቀውን ይወክላል በሚል እምነት ላይ ነው። ሌላ ፕሮግራም ሳናውቅ ምልክቱን ካደሰው፣ ያላየነው ሥራ እንዳየነው ተቆጥሮ ጥበቃው በከንቱ ይቀራል። ዜና መድረሱና ዜና መነበቡ የተለያዩ ነገሮች ናቸውና።

እንግዲህ ውድ ተማሪዎቻችን፣ ሦስት ልማዶችን እንድትይዙ አደራ እንላለን። ሥራ ስትጀምሩና ሥራ ከመላካችሁ በፊት «ፌች» በሉ። የመጣውን ሳታዩ አታዋሕዱ። ማኅደሩ አልቀበልም ሲላችሁ በኃይል ከመላካችሁ በፊት ለጓደኛችሁ ደውሉ፤ ያ እምቢታ አብዛኛውን ጊዜ «ከአንተ በፊት ሌላ ሰው እዚህ ሠርቷል» የሚል መልእክት ነውና።

ያ ተማሪ ዛሬ ከማስታወሻ ደብተሩ ዳር፣ ከቴርሞሜትር ንባቦቹ ጎን፣ «ፌች» ያለበትን ሰዓት ይጽፋል። ጊት ይህን እንዲጽፍ አያስገድደውም። እኛም አላዘዝነውም።